«ነባር ህመም» ምንድን ነው? ስኳርና ግፊት ላለባት እናት የጉዞ ኢንሹራንስ ስንፈልግ

እህቴ ጀርመን ወለደችና እናቴን ለአራስ ጥየቃ ጠራቻት። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ስኳርም ግፊትም አለባት። ደሴ ውስጥ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ይዣት ገባሁ። የቢሮው ሠራተኛ ፓስፖርቷን አየ፣ የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ቀን ጠየቀ፣ ሒሳቡን ነገረን። ከፍለን ወጣን። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ማታ ቡና እየተፈላ ወረቀቱን አወጣሁት። ከኋላ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እንግሊዝኛ ለእናቴ እየተረጎምኩላት ሳለ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። ነባር ህመምና ከእሱ የሚመነጭ ማንኛውም ወጪ አይሸፈንም ይላል።

«ታዲያ ምኔን ሊሸፍንልኝ ነው?» አለች እናቴ። «እኔ ከዚህ ሌላ ምን ህመም አለኝ?»

ነባር ህመም ማለት ኢንሹራንሱ ከመገዛቱ በፊት የነበረ ህመም ነው። ሐኪም የነገረህ፣ የታከምክበት፣ መድኃኒት የምትወስድበት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ ልብ፣ ኩላሊት። አንዳንዱ ውል ከዚህም ያልፋል፤ ምርመራ ባታደርግም ምልክቱ ቀድሞ ከታየ ነባር ነው ይላል።

ሰው የሚስተው ግን «ከእሱ የሚመነጭ» የሚለውን ነው። እናቴ እዚያ በረዶ አንሸራቷት እግሯ ቢሰበር ይህ አደጋ ነው፣ ይከፈላል። ስትሮክ ቢመታት ግን ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀድሞ የሕክምና ታሪኳን ነው። ግፊት የሚል ቃል ካገኘ ፋይሉን ይዘጋል። የሆስፒታሉ ደረሰኝ ለእህቴ ይመጣል።

ጭካኔ ይመስላል፣ ግን እድርን አስቡት። ዘግይቶ የገባ ሰው መግቢያ ይጠየቃል፤ ቤቱ ለቅሶ ሊገባ ሲል ልመዝገብ ቢልማ ማን ይቀበለዋል? ኢንሹራንስም የሚሸጠው ገና ላልደረሰ ነገር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት መድንም አለ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲጀመር በሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ደሴ አጠገብ ያለው የእኛው ተሁለደሬ ነበር። እዚያ ቤተሰቡ በሙሉ ይመዘገባል፣ ስኳር ያለበት ተለይቶ አይወጣም። የታመመውንም ጤነኛውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ነው የሚችለው። ግን መታወቂያው ፍራንክፈርት ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ቪዛው። የሸንገን አገሮች (ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። አስቸኳይ ሕክምናን፣ በሕክምና ምክንያት ወደ አገር መመለስን፣ ሞትንም መሸፈን አለበት። እናቴ የገዛችው ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ተጽፏል። ለቪዛው ይበቃል። ለእናቴ ግን አይበቃም። ቢሮው ውስጥ ያልገባኝ ይሄ ነበር፦ ለቪዛ የሚሆን ወረቀትና ለታማሚ የሚሆን ወረቀት አንድ አይደሉም።

ውሎቹ በነባር ህመም ላይ የሚሉት ይለያያል። አንዱ ጨርሶ አልነካም ይላል። ሌላው ህመሙ ድንገት ተባብሶ ለሕይወት ካሰጋ ብቻ፣ እሱንም እስከተወሰነ ገንዘብ ድረስ እከፍላለሁ ይላል። ሦስተኛው ህመምህን አስመዝግበህ አረቦን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) ጨምረህ ከከፈልክ ይቀበልሃል። ለሰው የሚሻለው ይሄኛው ነው፤ የሚወደደውም ይሄኛው ነው።

እዚህ ላይ «የተረጋጋ» የሚባል ቃል አለ። ብዙ ውሎች ነባር ህመምን የሚሸፍኑት ከጉዞው በፊት ለተወሰኑ ወራት ካልተለወጠ ነው። አለመለወጥ ማለት ሆስፒታል አለመተኛት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእናቴን የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒንን፣ ሐኪሟ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ አድርጎት ነበር። ለእኛ ግፊቷ ወረደ፣ ተመስገን ነው። ለኢንሹራንሱ ግን መጠን ተለወጠ፣ አልተረጋጋችም። ስለዚህ መድኃኒት የሚስተካከል ከሆነ ቀደም ብሎ ይስተካከል። ለኢንሹራንስ ብሎ መድኃኒት ሳይስተካከል ማቆየት ግን እብደት ነው።

«ስለ ህመሟ ዝም በል፣ ማን ያውቃል» የሚል መካሪም አይጠፋም። እኔንም መክረውኛል። በ1952ቱ የንግድ ሕጋችን ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። ከዚያ በኋላ እናቴ እግሯ ቢሰበር እንኳ አይከፈላት ይሆናል።

ዋጋውን እንዴት እናውርደው? ዕድሜን መቀነስ አይቻልም። ብዙ ድርጅት 65፣ 70፣ 75 እያለ በእርከን ያስከፍላል፤ ከ80 በላይ ጭራሽ የማይቀበልም አለ። እናንተ የምትነኩት ቀኑንና ቦታውን ነው። ሦስት ወር ከሚባል ስድስት ሳምንት ይረክሳል። «መላው ዓለም» የሚለው አሜሪካን ስለሚጨምር ውድ ነው፤ ጀርመን ለሚሄድ ሸንገን ብቻ ይበቃል። ከራስ የሚሸፈነውን የመጀመሪያ ወጪ ከፍ ማድረግም አረቦኑን ያወርዳል፣ ግን የሚያዋጣው ያን ገንዘብ ጋባዧ እህቴ እዚያ ካላት ብቻ ነው። እኛን የጠቀመን ሌላ መንገድ ነው፦ ጋባዡ እዚያው አገር ለእንግዳ የሚሸጥ ኢንሹራንስ መግዛት ይችላል። እህቴ እዚያ ጠያይቃ፣ ህመሙን በስም ጠቅሳ ገዛችላት። የመጀመሪያውን ብር ግን አልመለሱልንም። ቪዛ ቢከለከል ይመለሳል፣ ሐሳብ ቢቀየር አይመለስም አሉን። ሳትከፍሉ ይሄንን ጠይቁ።

ለዑምራ የሚሄዱ ጎረቤቶቻችን ኢንሹራንሱ ከቪዛው ጋር ስለሚመጣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። ያ ግን ለድንገተኛ ነገር ነው እንጂ ለመደበኛ ክትትል አይደለም።

ቢሮ ስትሄዱ ከክትትል ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ያዙ፤ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ መቼ እንደተጀመረ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስኳሯ ወርዶ ራሷን ብትስት የሆስፒታሉን ትከፍላላችሁ?» «አይ፣ ችግር የለም» የሚል መልስ አትቀበሉ። ገጹን ያሳዩአችሁ፣ ወይ በኢሜይል ይጻፉላችሁ።

በየቀኑ የሚዋጠውን ክኒን ግን የትኛውም የጉዞ ኢንሹራንስ አይገዛም። እናቴ የስኳር ክኒኗን፣ ሜትፎርሚኗን፣ ለቆይታዋና ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት ቆጥረን ያዘች። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ልትከተው ስትል ደርሼ አወጣሁት። ሻንጣው ሌላ አገር ቢሄድ በርበሬው ይመጣል፣ ክኒኑ ግን ለነገ ጠዋት ያስፈልጋል። በእጅ ቦርሳ፣ ከነካርቶኑ፣ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር።