ተክል የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችና ጂኖማቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የባክቴሪያን ስም ግን የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ተክል የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ለረጅም ጊዜ ስም ሲወጣላቸው የኖረው በአብዛኛው ባሳመሙት ተክልና ባሳዩት ምልክት ነው። ዛሬ ሙሉ ዘረመላቸውን፣ ማለትም ጂኖማቸውን፣ አንብበን ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ማየት እንችላለን። ነገር ግን ጂኖም ስለሚነግረንና ስለማይነግረን ነገር ደጋግመው የሚነሱ ስህተቶች አሉ። ስሙ ሲሳሳት የሚወሰደው እርምጃም ይሳሳታልና እስኪ እንያቸው።

«ምልክቱ አንድ ከሆነ ባክቴሪያውም አንድ ነው»

አይደለም። ድንችና ቲማቲም የሚያጠወልገውን ራልስቶኒያ ሶላናሲረምን እንውሰድ። ለዓመታት እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠር ኖሯል። የዘረመል መረጃው ሲመዘን ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስት ዝርያ ሆኖ ተከፈለ፤ ራልስቶኒያ ሶላናሲረም፣ ራልስቶኒያ ሱዶሶላናሲረም እና ራልስቶኒያ ሲዚጂ። ማሳ ላይ ቆሞ የጠወለገ ተክል የሚያይ ሰው ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ከነዚህ መካከል ቅዝቃዜን ችሎ ድንች የሚያጠቃ አንድ የዘር ሐረግ አለ። ብዙ አገሮች በኳራንቲን ሕጋቸው አጥብቀው የሚፈሩት እሱን ነው። አጠውልግ በሽታ ሁሉ ግን እሱ አይደለም።

«16ኤስ የሚባለውን ጂን ማንበብ ይበቃል»

ይህ ሁሉም ባክቴሪያ ያለው ጂን ወደ 1,500 የዲኤንኤ ፊደላት ብቻ ነው ያለው። የሚለወጠውም በጣም በዝግታ ነው። ቤተሰቡን ለማወቅ ይረዳል። ዛንቶሞናስን በመሳሰሉ ተክል አሳማሚ የባክቴሪያ ወገኖች ግን የተለያዩ ዝርያዎች በዚህ ጂን ሲታዩ አንድ ሊመስሉ ምንም አይቀራቸውም።

«ጂኖሙ ከተነበበ ስሙን ኮምፒውተሩ ይነግረናል»

ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ሁለት ጂኖሞች የሚጋሯቸው ክፍሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመሳሳይነታቸው በአማካይ ይሰላል። ከ95 እስከ 96 በመቶ ያለው መስመር የዝርያ ድንበር ተደርጎ ይወሰዳል። መስመሩ በዘፈቀደ የተሰመረ አይደለም። ቀድሞ በላቦራቶሪ የሁለት ባክቴሪያዎችን ዲኤንኤ እርስ በርስ በማጣመር ይለካ ከነበረው የ70 በመቶ ድንበር ጋር እንዲገጥም ተደርጎ የወጣ ነው። ቢሆንም ሰዎች የተስማሙበት መስመር ነው። ልክ ድንበሩ ላይ የሚወድቁ ናሙናዎች ያጋጥማሉ፤ ያኔ የሰው ፍርድ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚብሰው «ከማን ጋር ነው ያወዳደርነው?» የሚለው ነው። እያንዳንዱ ስም የታሰረበት አንድ መለያ ናሙና አለ። ትክክለኛው ንጽጽር ከእሱ ጋር ነው። ለሁሉም ክፍት በሆኑ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ግን የተሳሳተ ስም ይዘው የተቀመጡ ጂኖሞች አሉ። ከነሱ ጋር ያወዳደረ ሰው ስህተቱን ሳያውቅ ይወርሳል።

«ዝርያው ከታወቀ በሽታውም ታወቀ»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። አግሮባክቴሪየምን ተመልከቱ። ተክል ላይ እባጭ የሚያወጣው ቲአይ ፕላዝሚድ በሚባል፣ ከዋናው ክሮሞሶም ውጭ ባለ የዲኤንኤ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። የሌለው ባክቴሪያ እባጭ ሳያወጣ አፈር ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ የአንድ ዝርያ አባላት ሆነው አንዱ ሲያሳምም ሌላው አያሳምምም። ድሮ በበሽታው የወጣው ስም፣ በእውነቱ የፕላዝሚዱ ስም ነበር ማለት ነው።

ሱዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባለው ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ከ50 በላይ ፓቶቫሮች አሉት። ፓቶቫር ማለት በሚያጠቃው ተክልና በሚያመጣው በሽታ የሚለይ ክፍል ነው። ጂኖሙ የትኞቹን የማጥቂያ ጂኖች እንደያዘ ያሳየናል፤ ይህም ጥሩ ፍንጭ ነው። ፍንጭ ግን ማስረጃ አይደለም። ባክቴሪያውን ጤነኛ ተክል ላይ ማስገባት፣ ምልክቱን መጠበቅ፣ ከታመመው ተክል መልሶ ያንኑ ባክቴሪያ ማውጣት ዛሬም ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። እባካችሁ አትዝለሉት።

«ላቦራቶሪ ውስጥ ያላደገ ባክቴሪያ አይመደብም»

ይመደባል። የብርቱካንና የሎሚን ተክል የሚጎዳው ሊበሪባክተር ኤሺያቲከስ ላቦራቶሪ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ሳይራባ ነው ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2009 የተነበበው። በስሙ ፊት «ካንዲዳተስ» የሚል ቃል የሚጻፍበትም ለዚህ ነው።

«ስም መቀያየሩ የሳይንቲስቶች ቅንጦት ነው»

ስሜቱ ይገባኛል፤ የለመዱትን ስም መተው ያናድዳል። ግን ድንቹን ከውስጥ በቀለበት ቅርጽ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ የክላቪባክተር ሚሺጋነንሲስ ንዑስ ዝርያ ይባል ነበር። ጂኖሞቹ ሲወዳደሩ ልዩነቱ የዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ክላቪባክተር ሴፔዶኒከስ ተባለ። ችግሩ የቆዩ ሕጎችና ሰነዶች የድሮውን ስም ይዘው መቅረታቸው ነው። በአንዱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን መረጃ ያጣል። መዝገብ ስትይዙ አዲሱንም የድሮውንም ስም ጻፉ። የናሙናውን መለያ ቁጥር ደግሞ በጭራሽ አትርሱ፤ ስሙ ነገ ቢቀየር እንኳ ቁጥሩ ወደዚያው ናሙና ይመልሳችኋል።