ስሙ አንድ ነው ማለት ሰውየው አንድ ነው ማለት አይደለም

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ የድሮ ሰነዶች ክፍል ነው የምሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉ ይሞላል። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ያው ነው፦ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን እዚህ ትምባሆ ያመርት የነበረ፣ መሬትም ባሪያም የነበረው ቅድመ አያት። እዚህ ያገቡ አንዳንድ ወገኖቻችንም ለልጆቻቸው ብለው ይመጣሉ። በእኛ በኩል ሰባት ቤት የሚቆጥር አዛውንት አይጠፋም። በዚያኛው በኩል ግን ያለው ወረቀት ነው፤ ከወረቀቱ በፊት ደግሞ ተረቱ ይቀድማል። ተረቱ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ምሳሌዬ በአብዛኛው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ቤተሰብ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የጆርጅ ዋሽንግተን ዘሮች ነን»

አይደላችሁም። ሰውየው ልጅ አልወለደም። ቤቱ ያደጉት ሚስቱ ማርታ ከመጀመሪያ ባሏ ከዳንኤል ፓርክ ከስቲስ የወለደቻቸው ናቸው። የወንድሞቹ ዘር ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ እሱም ቢሆን ማስረጃ ይፈልጋል።

«የቤተሰባችን አርማ ይኸው»

አርማ የሚሰጠው ለሰውና ለዘሩ ነው እንጂ ያንን ስም ለያዘ ሁሉ አይደለም። ከቱሪስት ሱቅ የገዛችሁት ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ወደ እኔ ጠረጴዛ ግን አታምጡት።

«ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ነው የቀየሩብን»

ኤሊስ ደሴት፣ ያ ኒው ዮርክ ያለው የስደተኞች መቀበያ፣ የተከፈተው በ1892 ነው። የእናንተ ሰው የመጣው በ1650ዎቹ ነው። ቀጥሎ።

«ንጉሡን ደግፎ የተሰደደ መኳንንት ነበር»

ንጉሡ የሚሉት በ1640ዎቹ የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈውን ቀዳማዊ ቻርልስን ነው። ይኼን የማይል ሰው አላጋጠመኝም። እውነቱ ሌላ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከመጡት እንግሊዞች አብዛኞቹ የመርከብ ዋጋቸውን ለዓመታት በማገልገል የሚከፍሉ ድሆች ነበሩ። ሰነዶቹም «ፕላንተር» (ባለ እርሻ) የሚሉት ባለ ብዙ ሺህ ኤከሩን ብቻ አይደለም። ሃምሳ ኤከር ላይ ራሱ የሚቆፍረውንም ነው።

የዋሽንግተኖቹን እንይ። የጆርጅ ቅድመ አያት የጆን አባት ሎረንስ፣ ኤሴክስ ውስጥ የፐርሊ ደብር ቄስ ነበር። በ1643 የንጉሡ ተቃዋሚ የነበሩት ፒውሪታን የሚባሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች መጠጥ ቤት ያዘወትራል ብለው ከደብሩ አባረሩት። እርግጥ የንጉሡ ደጋፊ ነበር፤ ለልጆቹ የተረፈው ግን ድህነት ነው። ልጁ ጆን በ1650ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ ቨርጂኒያ የመጣው በንግድ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ነው። መርከቡ ፖቶማክ ወንዝ ላይ አሸዋ ላይ ወጣ። ጆንም እዚያው ቀረ። አን ፖፕን አገባ፤ አባቷ ናትናኤል ፖፕ 700 ኤከር መሬት ሰጣቸው። የዋሽንግተን ቤት ሀብት የተጀመረው እንዲህ በአማት ቸርነት ነው።

እግረ መንገዴን፦ ከ1618 ጀምሮ የአንድ ሰው የመርከብ ዋጋ የከፈለ 50 ኤከር ይሰጠው ነበር። ሰዎች የቅድመ አያታቸውን ስም እዚያ የመሬት ሰነድ ላይ ሲያዩ «በዚህ ዓመት ነው የመጣው» ይላሉ። መብቱ ይሸጥ፣ ይለወጥ ነበር እኮ። ሰውየው ከመጣ ከስንት ዓመት በኋላ ሊጠየቅበት ይችላል። በአንድ ሰው ስም ሁለት ሰው መሬት የወሰደበት ጊዜም አለ።

«ሁለት የልደት ቀን አለው፤ አንዱ ስህተት ነው»

ይኼን ለሀበሻ ማስረዳት ቀላል ነው፤ በሁለት አቆጣጠር ነው የምንኖረው። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባላቸው ማርች 25 ነበር። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ስለዚህ ጆርጅ ዋሽንግተን በድሮው ፌብሩዋሪ 11፣ 1731፣ በአዲሱ ፌብሩዋሪ 22፣ 1732 ተወለደ። ሁለቱም ልክ ነው።

አንዲት ደንበኛዬ «ቅድመ አያቴ ሳታገባ ነው የወለደችው» ብላ በጣም አዝና ነበር። ጋብቻው ኤፕሪል፣ ክርስትናው ፌብሩዋሪ፤ ዓመቱ አንድ። በዚያ ዘመን ግን ፌብሩዋሪ ከኤፕሪል በኋላ ነው የሚመጣው። ተጋብተው በአሥረኛው ወር ነው ልጁ ክርስትና የተነሳው። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ሄደች።

«ስሙ ገጥሟል፣ ዘመኑም ገጥሟል፤ እሱ ነው»

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው።

እነዚህ ቤተሰቦች ልጅ ሲወልዱ አራት አምስት ስም ነው የሚያዞሩት። ጆን ዋሽንግተን እሱም ወደ ቨርጂኒያ የመጣ ሎረንስ የሚባል ወንድም ነበረው። ጆን ልጆቹን ሎረንስ እና ጆን አላቸው። ሎረንስም ልጁን ጆን አለው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ፣ ሁለት ጆን ዋሽንግተን የአጎት ልጆች። እኛ ጋ ቢሆን የአባት ስም ይለያቸው ነበር። እዚያ ግን ሁሉም ዋሽንግተን ነው። «ትልቁ» እና «ትንሹ» የሚለው ቅጥያም አያድንም። በዚያ ዘመን አባትና ልጅ ብቻ ማለት አልነበረም፤ አጎትና የወንድም ልጅ፣ አንዳንዴም በዕድሜ ብቻ የሚበላለጡ ባዳዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁ ሲሞት ደግሞ ትንሹ «ትልቁ» ይባላል።

ይኼ የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ያለው የአርማና የዘር ሐረግ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሰር አይዛክ ኸርድ ለፕሬዚዳንቱ ስለ ዘሩ ጻፈለት። ዋሽንግተን በ1792 ሲመልስ ነገሩን እምብዛም ተከታትሎት እንደማያውቅ ገልጾ፣ ያገኘውን ያህል ላከ። ኸርድ መዝገቡን ሲያገላብጥ እንግሊዝ ውስጥ ሰልግሬቭ ከሚባል ቦታ የወጡ ጆን እና ሎረንስ የተባሉ ወንድማማቾች አገኘ። ስም ገጠመ። ዘመን ተቀራረበ። በቃ፣ እነሱ ናቸው ተባለ። ሰውም ለአሥርት ዓመታት ይኼን እየተቀባበለ ጻፈ።

በ1866 ጆሴፍ ሌሙኤል ቼስተር የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ ሰነዱን ፈተሸ። የኸርድ ጆን የናይትነት («ሰር» የሚያሰኝ) ማዕረግ ያገኘ፣ እንግሊዝ ውስጥ የኖረ ሰው ሆኖ ተገኘ። የኸርድ ሎረንስ ደግሞ ቄስ ነበር። ትምባሆ ሊያመርቱ ቨርጂኒያ የሄዱት እነሱ አይደሉም። እስከ 1889 ድረስ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቆየ። ያኔ ሄንሪ ዋተርስ የሚባል ሌላ አጥኚ ኑዛዜዎችንና የውርስ ወረቀቶችን አገናኝቶ መልሱን አመጣ፤ ቄሱ ሎረንስ ራሱ የስደተኞቹ አባት ነው። ያ ከፐርሊ የተባረረው። ኸርድ ቤተሰቡን አልሳተም፤ የሳተው በአንድ ትውልድ ነው። አባትን ልጅ፣ አጎትን የወንድም ልጅ አደረጋቸው። ለማረም አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

እንግዲህ የዘር ሐረግ ባለሥልጣኑ እንዲህ ከሆነ፣ ሌሊት በስልኩ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ የሚያቀርብለትን ሁሉ «አዎ» እያለ የቤተሰብ ዛፍ የሚሠራው ሰው ምን ሊሆን ነው? «አርባ ሰው ዛፍ ላይ እኮ አለ» ይሉኛል። አርባው ከአንዱ የቀዱት ነዋ! ያ አንድ ምስክር ነው፤ እሱም የሰማውን የሚያወራ። አንድ ሰውዬ ይዞት የመጣው ቅድመ አያት ኑዛዜው ፍርድ ቤት ከጸደቀ ከአራት ዓመት በኋላ መሬት ይሸጣል። «ሞቶ ነው የሸጠው?» አልኩት። ተቀየመኝ።

ስለዚህ ስሙን ተዉትና መሬቱን ተከተሉ። የቱ ጅረት ዳር ነው? አዋሳኙ ማን ነው? ምስክር ሆነው የፈረሙት እነማን ናቸው? መሬት ሲሸጥ ሚስት በባሏ መሬት ላይ ያላትን የሲሶ መብት እንድትለቅ ትጠየቅ ነበር፤ ስለዚህ ስሟ አብሮ ይገኛል። አንደኛው ጆን ሚስቱ ማርያም፣ ሌላኛው ሣራ ከሆነች ሁለት ሰው ናቸው፣ ወይም ሁለቴ ያገባ አንድ ሰው። የትኛው እንደሆነ እስክታውቁ ለእያንዳንዱ ጆን የራሱ ወረቀት ይኑረው። አትቸኩሉ።

«ኑዛዜው ላይ ስሙ የለም፤ ልጁ አይደለም ማለት ነው»

አይደለም። ቨርጂኒያ እስከ 1785 ድረስ ባልተናዘዘ ሰው መሬት ላይ ወራሹ የበኩር ልጅ ነበር። አባትየው ድርሻውን በቁሙ ሰጥቶት ከሆነ ኑዛዜው ላይ ላያነሳው ይችላል። አንድ ሽልንግ (ትንሽ ገንዘብ) ብቻ የተተወለትም ሁሉ የተረገመ አይደለም።

«መዝገቡ ተቃጥሏል፤ አለቀ»

በኤፕሪል 1865 ሪችመንድ ስትቃጠል፣ ለጥንቃቄ ተብሎ ከየአውራጃው ወደዚያ የተላከ መዝገብ አብሮ ነደደ። የጄምስ ሲቲ አውራጃ መዝገብ የጠፋው እንዲህ ነው። ግን የቅኝ ግዛቱ የመሬት ሰነዶች ተርፈዋል። የኖርዝአምፕተን ፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ አለ። የጎረቤት አውራጃንም እዩ፤ ሰው ወንዝ ተሻግሮ ይገዛል፣ ይከሰሳል፣ ያገባል። የ1690 የልደት ሰርተፍኬት ግን አትጠይቁኝ። ቨርጂኒያ ልደትን በግዛት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1853 ነው።

«የባሪያዎቹ ታሪክ ሌላ ጉዳይ ነው»

ይኼን ሲሉኝ አልስቅም። የእነዚህ ሰዎች ወረቀት በአብዛኛው የንብረት ወረቀት ነው፤ ከንብረቱ ትልቁ ክፍል ደግሞ ሰው ነበር። በ1662 የወጣው ሕግ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይወርሳል አለ። ጌታው በባርነት ከያዛት ሴት የወለደው ልጅ የሚገኘው የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሳይሆን የንብረት ቆጠራው ላይ ነው።

የሦስተኛውን ፕሬዚዳንት የቶማስ ጀፈርሰንን አስታውሱ። ጀፈርሰን በባርነት ከያዛት ከሳሊ ሄሚንግስ የተወለደው ማዲሰን ሄሚንግስ በ1873 አባቱ ጀፈርሰን መሆኑን ለጋዜጣ ተናግሯል። ብዙዎች አላመኑትም። በ1998 ከጀፈርሰን አጎት የወንድ ዘሮች የተወሰደው፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞሶም ከማዲሰን ወንድም ከኤስተን ዘር ጋር ገጠመ። ዲኤንኤው ብቻውን «ከጀፈርሰን ወንዶች አንዱ» ነው የሚለው። ቶማስን የለየው ከሰነዱ ጋር መደመሩ ነው፤ ሳሊ ሄሚንግስ በፀነሰችባቸው ጊዜያት ሁሉ እሱ እርሻ ቤቱ ሞንቲቼሎ ነበር።

የዋሽንግተንም ያው ነው። በ1799 እርሻው ማውንት ቨርነን ላይ በባርነት የተያዙትን 317 ሰዎች በስም፣ ከየትኛው እርሻና ከማን ጋር እንደተጋቡ ጽፎ አስቀምጧል። በኑዛዜው ነፃ ያወጣው የራሱን 123 ብቻ ነው። ከቀሩት አብዛኞቹ የማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ ስለነበሩ እሱ ሊያዝባቸው አይችልም ነበር። ማርታ በ1802 ስትሞት ለአራት የልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። ባል ነፃ ወጥቶ ሚስትና ልጅ ወደ ሌላ እርሻ ሄዱ። የእነዚያን ሰዎች ዘር የሚፈልግ ሰው የዋሽንግተንን ብቻ ሳይሆን የከስቲስን የዘር ሐረግ ማወቅ አለበት። የፌዴራሉ ሕዝብ ቆጠራም አብዛኛውን ጥቁር ሕዝብ በስም የጻፈው ገና በ1870 ነው። ከዚያ በፊት ያለው መንገድ በጌታው ወረቀት ውስጥ ነው የሚያልፈው። የአያታችሁ ቤት ሣጥን ውስጥ የድሮ ደብተር ካለ የሌላ ቤተሰብ ሐረግ እዚያ ሊኖር ይችላል፤ አትጣሉት፣ አስቀድታችሁ ለቤተ መዛግብት ስጡ።

የዋሽንግተን ኑዛዜ ዋናው ቅጂ ፌርፋክስ ፍርድ ቤት ነው ያለው፤ ለብዙዎቻችሁ ከቤታችሁ ሩቅ አይደለም። ወደ ሰነድ ክፍል ስትመጡ እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ አናስገባም። ከስም በፊትም የአውራጃውን ስም ንገሩኝ።