«እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል»፦ አመጣጡና ትርጓሜው

በአማርኛ የሚነገሩት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አብዛኞቹ ማን እንደ ተናገራቸው አይታወቅም፤ ከገበሬው ማሳ፣ ከእረኛው መስክ፣ ከችሎት አደባባይ ተለቅመው ከአፍ ወደ አፍ ሲወርዱ የመጡ ናቸው። «እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል» የሚለው ግን የትውልድ ቦታው የታወቀ ነው። በግእዙ አቈጣጠር ከ126ኛው፣ በዕብራይስጡ ደግሞ ከ127ኛው መዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያ ቍጥር ተወስዶ እንደ ተረት የሚነገር ቃል ሆኗል። ከመጽሐፍ ወጥቶ በሰው አፍ ሊለመድ የቻለበትን ምክንያት መገመት አያዳግትም፤ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ልጅ ንባብ የሚያጠናው በዳዊት ነበር፣ ዳዊቱን ሳይደግም ከቤቱ የማይወጣ አባወራም በየሰፈሩ አይታጣም ነበር። ስለዚህ ያልተማረውም ሰው ቃሉን ከጎረቤቱ ሰምቶ ያውቀዋል፤ ሙሉውን ባይዘው እንኳ «እሱ ካልጠበቀ ዘበኛ ምን ያደርጋል?» ብሎ በአጭሩ ይጠቅሰዋል።

ይህን አጭሩን አባባል በድሬዳዋ የሚሰማው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በመሸ ጊዜ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ዛፍ በተተከለባቸው መንገዶች ዳር፣ ዘበኛው ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ከግንቡ አስደግፎ ከበሩ አጠገብ ሲቀመጥ የቤቱ እመቤት በሩን ከመቀርቀሯ በፊት ብቅ ብላ «ጋሼ፣ እንግዲህ ደህና ይደሩ፤ አደራ» ትለዋለች። እሱም «ጠባቂው እሱ ነው እሜቴ፤ እኔማ ነቅቶ ከማደር በቀር ምን አቅም አለኝ» ብሎ ይመልሳል። ልብ ብሎ ለሰማው የአነጋገሩ ፍቺ ከዚህች መልስ ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል፤ ሰውየው ጠባቂው እግዚአብሔር ነው አለ እንጂ ዱላውን አንሥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም።

ቃሉ የወጣበት መዝሙር «የመዓርግ መዝሙር» ከሚባሉት 15 መዝሙሮች አንዱ ሲሆን አርእስቱ የሰሎሞንን ስም ይጠራል። እነዚህ መዝሙሮች ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ምእመናን በመንገድ ይዘምሯቸው እንደ ነበር ይነገራል። ተጓዡ ቤቱን ዘግቶ፣ ከብቱን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ የወጣ ሰው በመሆኑ የጥበቃ ነገር በእነዚህ መዝሙሮች ውስጥ ደጋግሞ መነሣቱ አያስገርምም። ጥቂት ቀደም ብሎ በ120ኛው መዝሙር «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» ይላል። የጥንት ከተማ ቅጥር፣ በርና ማማ ነበረው፤ ጠባቂው ከማማው ላይ ቆሞ ሩቅ ያያል፣ ጠላት ሲመጣም መለከት ይነፋል። ትንቢተ ሕዝቅኤል በ33ኛው ምዕራፍ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጠባቂ ስለ ሞቱት ሰዎች ደም እንደሚጠየቅ ይናገራል። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን ሲያስጠግን ጠላቶች በዛቱበት ጊዜ ወደ አምላኩ ጸለየ፣ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥም ቀንና ሌሊት የሚጠብቁ ዘቦችን አቆመ። እንግዲህ መዝሙሩን ከነዚህ ጋር አስተያይቶ ያነበበ ሰው ጠባቂው እንዲሰናበት የታዘዘበትን ቦታ አያገኝም። መዝሙሩ ከጠባቂው ላይ የሚያነሣለት «ከተማው በእኔ ብቻ ቆሟል» የሚለውን ሐሳብ ነው፤ ይህ ሐሳብ በአንድ በኩል ትዕቢት፣ በሌላ በኩል ደግሞ እንቅልፍ የሚነሣ ጭንቀት መሆኑን ሌሊት የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ቅጥርና ስለ ጠባቂ ሲነሣ የሐረርን ጁገል ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት ይህ ግንብ ርዝመቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ከፍታው ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ አምስቱ ጥንታዊ በሮች ማታ ተዘግተው ያድሩ ነበር። ይሁን እንጂ ከግንቡ ግርጌ ለጅብ መተላለፊያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች ተትተዋል። ሰው ጠላትን ሊከላከል ግንብ ገንብቶ ለአውሬ መንገድ መተዉ ለእንግዳ ግር ይለዋል፤ ለሐረር ሰው ግን ጅቡ ሌሊት ገብቶ ጥራጊውን በልቶ የሚወጣ ጎረቤት ነው፣ በአሹራ ዕለትም ገንፎ ይቀርብለታል። ከግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ (የሙስሊም ቅዱሳን) ቦታዎች ይገኛሉ። ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ግንቡን የሠራው ሕዝብ ከተማውን ለድንጋዩ ብቻ አደራ እንዳልሰጠ ያሳያል። በእርግጥም በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ሐረር ገባ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ የከተማዋ ዕጣ የተወሰነው ከግንቡ ሥር ሳይሆን ርቆ በሚገኘው በጨለንቆ ሜዳ በተደረገው ጦርነት ነበር። ግንቡ በዚህ የሚወቀስበት ምክንያት የለም፤ ግንብ ሊመልስ የሚችለው ወደ እሱ የመጣውን ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ግን እንዲህ ያለ ቅጥር ኖሯት አያውቅም። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቈረቈረች ናትና በሯ ለመጣው ሁሉ ክፍት ሆኖ ነው ያደገችው። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለያቸው ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ አይመስልም፤ ነጭ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴም ሸራውን ዘርግቶ ዕቃውን ይደረድርበታል። ውኃው የሚመጣው በስተ ደቡብ ካሉት ከፍታዎች ነው። ከተማዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ጭቃ፣ ግንድና ድንጋይ ጠርጎ በድንገት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በክረምት ምሽት የድሬዳዋ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ከራሱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ አይደለም፤ ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ያለው ደመና መጥቆሩን ነው የሚያየው። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» የሚለው የ120ኛው መዝሙር መክፈቻ እዚህ ከተማ ሲነበብ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ተራራው ረዳት የሚጠበቅበትም ጎርፍ የሚፈራበትም አቅጣጫ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ይህ ፍርሃት እውን ሆነ። ደቻቱ ሌሊት፣ አብዛኛው ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ሞልቶ በዳርቻው ያሉትን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቈጠሩትም ቤት አልባ ሆኑ። በዚያው ሐምሌ ወር የሐረር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ነበርና በአንድ ወር ውስጥ ከሁለቱ ጎረቤታሞች አንዱ ስለ ግንቡ ሲደሰት ሌላው ሙታኑን ይቀብር ነበር። ያን ሌሊትም በከተማዋ እንደ ወትሮው በየበሩ የተቀመጠ ዘበኛ ነበረ። የሚጠብቀው ግን ሌባ ነው፤ የመጣው ውኃ ነው። በእኔ አስተያየት የአነጋገሩ ጥልቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚጠብቀው የሚያውቀውን፣ ከዚህ ቀደም የደረሰበትን አደጋ ሲሆን ዓይኑም የሚያየው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ገንዘብ ያከማቸ ከድህነት ይጠበቃል፣ በሽታ ግን በሌላ በር ይገባበታል፤ ልጁን ከመንገድ የጠበቀ አባት ልጁ ከቤት ውስጥ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም። በሁሉም በኩል የሚያይ ዓይን የሰው አይደለም፣ መዝሙሩም የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ በደቻቱ ዳርቻ የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል፤ ይህን ማንም «እምነት ማጣት» ብሎ ሊነቅፈው አይገባም። ተራራው ላይ ዛፍ መትከልና እርከን መሥራት፣ ከወንዝ አፋፍ ቤት አለመሥራት፣ ደመና ሲጠቍር ለጎረቤት መደወል ሁሉ ጠባቂነት ነው። ደረቅ አሸዋ አይቶ ከወንዙ መሄጃ ላይ ጎጆ የሚቀልስ ሰው «እግዚአብሔር ያውቃል» ቢል ቃሉን በትክክል ጠቀሰ አይባልም፤ የጠባቂውን ድርሻ ለእግዚአብሔር መተው በእግዚአብሔር ከመታመን ጋር አንድ አይደለም። የመጋላ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህንኑ የሚያስረዱት ስለ ግመል በሚነገረው ሐዲስ ነው። አንድ ሰው ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ሳያስር ይመካ እንደ ሆነ ነቢዩን ቢጠይቅ «እሰራትና ተመካ» ተባለ። ከበረሃው ግመል እየተነዳ በሚገባበት ከተማ ይህ ምክር ማብራሪያ አያሻውም።

አነጋገሩ በክፉ የሚተረጐምበት አንድ መንገድ አለ፣ ይህንንም በዝምታ ማለፍ አይገባም። «እግዚአብሔር ካልጠበቀ» የሚለውን ወደ ኋላ ገልብጠው፣ ጎርፍ የወሰደው ቤት ሁሉ እግዚአብሔር የተወው ቤት ነው፣ የሞተውም ኃጢአት የበዛበት ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታ ሲናገር በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተናግሯል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሌላው ማስረጃ ደግሞ ከድሬዳዋና ከሐረር ብዙም ሳይርቅ፣ ከቁልቢ ይገኛል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ስለቱን ይዞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣው ሕዝብ ሁለት የመዳን ታሪኮችን ያስባል፤ በታኅሣሡ ሠለስቱ ደቂቅ ከናቡከደነፆር እሳት፣ በሐምሌው ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከሚፈላው ጋን መዳናቸውን። ሠለስቱ ደቂቅ ግን ከመዳናቸው በፊት ለንጉሡ የመለሱትን መልስ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም ብለው ጨመሩ። መታመናቸው እሳቱ ባይበርድም የሚጸና ነበር። የ1998ቱ ጎርፍ የመጣው የሐምሌው በዓል ባለፈ በአሥረኛው ቀን ነው፤ በዓሉን ያከበረም ያላከበረም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ሌሊት ተጎድቷል።

የመዝሙሩ ቀጣይ ቍጥር ስለ እንቅልፍ የሚናገር መሆኑን ማንሣትም ተገቢ ነው፤ እግዚአብሔር ለወዳጆቹ እንቅልፍን እንደሚሰጥ ይነግረናል። በማርቆስ ወንጌል 4ኛ ምዕራፍ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲሞላት ጌታ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱ ግን «ስንጠፋ አይገድህምን?» እያሉ ቀሰቀሱት። እነርሱ ውኃውን መቅዳታቸው ወይም ሸራውን መሳባቸው አልተነቀፈባቸውም፤ የተጠየቁት ስለ ፍርሃታቸው ነው። አንዳንድ ሰባኪ ይህን ታሪክ ጠቅሶ ያመነ ሰው ማዕበል አያገኘውም ቢልም ታሪኩ እንዲያ አይልም፤ ማዕበሉ ያገኘው ጌታ ራሱ ያለባትን ጀልባ ነው።

ስለዚህ አነጋገሩ የሚነገርበትን ጊዜ መለየት ያስፈልጋል። በር ሲቀረቀር፣ ልጅ ሩቅ አገር ሲሸኝ፣ ሹፌር ሌሊት የደንገጎን ጠመዝማዛ ሊወርድ ሞተር ሲያስነሣ፣ ሐኪም የሚችለውን አድርጎ ውጤቱን ሲጠብቅ ቢነገር ቦታው ነው፤ የሚነገረውም የድርሻውን ለሠራ ሰው ነው። ድርሻውን ላልሠራ ሰው መነገር ያለበት ሕዝቅኤል ስለ መለከቱ የተናገረው ነው። ከለቅሶ ቤት ግን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ተብሎ ዝም ይባላል፤ ልጁን ጎርፍ ለወሰደበት አባት «እግዚአብሔር ካልጠበቀ» የሚለውን ቃል የሚጠቅስ አስተዋይ ሽማግሌ አይገኝም።