ፕሮስፔክት ምንድን ነው? ወጣቱን ተጫዋች አሳልፎ መስጠትስ መቼ ያዋጣል?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቻይናታውን አካባቢ ማታ ማታ ታክሲ የነዳ አበሻ ይህን ያውቃል። የከተማው የበረዶ ሆኪ ክለብ የካፒታልስ ጨዋታ ሲያልቅ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሕዝብ ወደ መንገዱ ይፈስሳል። ሦስት አራት ሆነው መኪና ውስጥ ይገባሉ። በሩ ሳይዘጋ ክርክር ይጀመራል። እኔም የበረዶ ሆኪን የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ከኋላ ወንበር በሚሰማ ክርክር። መጀመሪያ ላይ ስለዚያ ቀን ጨዋታ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ጆሮ ሰጥቼ ሳዳምጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚጨቃጨቁት ከዓመታት በፊት ለሌላ ክለብ ስለተሰጠ አንድ ልጅ ነው። «ያንን ልጅ እንዴት አሳልፈው ይሰጡታል?» ይላል አንዱ። «ያኔ ማን አወቀ?» ይላል ሌላው።

ልጁ ፊሊፕ ፎርስበርግ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን በክርክሩ ሁሉ የሚመላለሰውን ቃል እንፍታው። ቃሉ ፕሮስፔክት ነው።

ፕሮስፔክት ማለት ክለቡ መብቱን የያዘው፣ ነገር ግን ገና በዋናው ቡድን ቋሚ ቦታ ያላገኘ ወጣት ተጫዋች ነው። እኛ በእግር ኳስ «ተስፋ ቡድን» የምንለው ውስጥ ያለውን ልጅ አስቡት። ሐሳቡ ያው ነው። ልጁ የሚመዘነው ዛሬ ባደረገው ብቻ ሳይሆን ነገ ያደርጋል ተብሎ በሚጠበቀው ነው። ልዩነቱ ወደ ክለቡ የሚመጣበት መንገድ ላይ ነው።

በሰሜን አሜሪካው ዋና የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ በየዓመቱ ድራፍት የሚባል ምርጫ አለ። 32 ክለቦች በ7 ዙር ተራ በተራ ወጣቶችን ይመርጣሉ። አብዛኞቹ 18 ዓመት የሞላቸው ናቸው። ደካማ ሆኖ የከረመ ክለብ ቀደም ብሎ የመምረጥ ዕድል ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች በዕጣ ይለያሉ። ልጁ የት መሄድ እንደሚፈልግ አይጠየቅም። የመረጠው ክለብ መብቱን ይይዛል፣ በቃ። ከዚያ ልጁ ብዙውን ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ወደ ካናዳ የወጣቶች ሊግ፣ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ስዊድንና ፊንላንድ። ጠንከር ሲል ደግሞ ዋናው ክለብ በታችኛው ሊግ ወዳለው ቡድን ያመጣዋል። የካፒታልስ ልጆች የሚበስሉት ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኸርሺ ከተማ ነው። አዎ፣ የቸኮሌቱ ኸርሺ።

እዚህ ላይ ከእግር ኳስ የለመድነውን ነገር ለጊዜው እንርሳ። አንድ የእንግሊዝ ክለብ የሌላ ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ ገንዘብ ይከፍላል። በኤንኤችኤል እንዲህ ያለ የዝውውር ክፍያ የለም። ተጫዋች የሚገኘው በተጫዋች ወይም በመጪው ድራፍት ተራ ነው። ትሬድ የሚሉት ይህንን ልውውጥ ነው። ስለዚህ ለዛሬ የሚሆን ጎበዝ የቸገረው ክለብ ለነገ ያስቀመጠውን ልጅ ያወጣል። ለነገ የሚያስብ ክለብ ደግሞ የዛሬውን ጎበዝ ሰጥቶ ልጁን ይወስዳል።

ታዲያ ደጋፊዎቹ ሲከራከሩ ስሰማ ሁለት የእኛ ተረቶች ሲፋጠጡ ነው የሚታየኝ። አንዱ ወገን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው የሚለው። ያልታለበ ወተት ምን ያደርጋል፣ ሸጠን ዛሬ እንብላ ይላል። ሌላው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል። ለአንድ ዓመት ጉጉት ብለህ 15 ዓመት የሚያገለግልህን ተጫዋች ትጥላለህ ማለቱ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለዚህ ነው ክርክሩ ከታክሲ ወርደውም የማያልቀው።

የሰማይ ላም የሚለው ወገን የሚይዘው ማስረጃ ብዙ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1993 ኦታዋ አሌክሳንደር ዴግል የተባለውን ልጅ በ1ኛነት መረጠ። ትልቅ ኮከብ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በ1998 ደግሞ ዲትሮይት ፓቬል ዳትስዩክን የወሰደው በ171ኛ ተራ ነው። ዳትስዩክ ሁለት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ በላ፣ የክብር አዳራሽም ገባ። ከእሱ በፊት 170 ልጆች ተመርጠዋል። ሁሉንም የመረጡት ሥራቸው ይኸው ብቻ የሆነ ሰዎች ናቸው። የ18 ዓመት ልጅ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይህን ያህል ከባድ ነው። ከሚመረጡት አብዛኞቹ በዋናው ሊግ ቋሚ ቦታ ሳያገኙ ይቀራሉ።

እዚህ ጋ ብዙ ደጋፊ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። የልጁ ዋጋ ከፍ የሚለው ማንነቱ ገና ሳይታወቅ ነው። በ18 ዓመቱ ሁሉንም መሆን ይችላል። በ22 ዓመቱ አሁንም ታችኛው ሊግ ውስጥ ካለ ግን ገዢው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ መሸጥ የሚፈልግ ክለብ ቶሎ መሸጥ ይኖርበታል። ልጁን ከማንም በላይ የሚያውቀውም ያሳደገው ክለብ ነው። ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ያስረግጠዋል፤ ባለቤቱ ለምን ሊሸጠው እንደፈለገም በሆዱ ይጠይቃል። በሆኪም እንዲሁ ነው። አንድ ክለብ ልጁን በቀላሉ ሲያቀርብ ሌላው ይጠረጥራል።

ሌላው ምክንያት ደመወዝ ነው። የ2004-05 ውድድር በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች አለመግባባት ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አበጀ። ከዚያ ወዲህ ሀብታም ክለብ እንደልቡ መክፈል አይችልም። ወጣት ተጫዋች ደግሞ የመጀመሪያ ውሉ በሕግ የተገደበ ነው። በ18 ዓመቱ የሚፈርም ልጅ ለሦስት ዓመት ይፈርማል። በፎርስበርግ ዘመን የዓመት መነሻ ደመወዙ ከ925 ሺህ ዶላር መብለጥ አይችልም ነበር። ያ ልጅ የ6 ሚሊዮን ተጫዋች ሥራ ከሠራ፣ ክለቡ የተረፈውን ገንዘብ ሌላ ቦታ ያውለዋል። ጎበዝ ፕሮስፔክት ከጣሪያው ወዲህ እንደ ወርቅ የሚታየው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፎርስበርግ። ካፒታልስ በ2011 ወጣቱን በረኛ ሴምዮን ቫርላሞቭን ለኮሎራዶ ሰጥቶ በምትኩ የ2012 የመጀመሪያ ዙር ተራና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ተቀበለ። የመጀመሪያው ዙር ተራ 11ኛ ሆኖ ወጣ። በዚያ ተራ ስዊድናዊው ፎርስበርግ ተወሰደ። ከአውሮፓ ተጫዋቾች ቀዳሚ ተብሎ የተመዘነ ልጅ ነበር፤ እስከ 11ኛ መድረሱ ራሱ ለካፒታልስ ሲሳይ ነው። ልጁ ስዊድን ተመልሶ ለሌክሳንድ መጫወት ቀጠለ። ዓመት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 2013፣ የልውውጥ ጊዜ በሚዘጋበት ዕለት፣ የካፒታልስ ጄኔራል ማናጀር (ተጫዋች የሚያመጣውና የሚሰጠው ኃላፊ) ጆርጅ ማክፊ ለናሽቪል ሰጠው። በምትኩ የመጡት የ31 ዓመቱ አጥቂ ማርቲን ኤራትና ማይክል ላታ ናቸው።

የማክፊን ወገን ይዘን እናስብ። የቡድኑ ኮከብና አምበል ኦቬችኪን 27 ዓመቱ ነበር። ቡድኑ ማሸነፍ ያለበት አሁን ነው የሚባልበት ጊዜ ነው። ኤራት ለሁለት ወር የሚመጣ እንግዳም አልነበረም፤ ውሉ ገና ሁለት ተጨማሪ ዓመት ነበረው። በናሽቪል ከ700 በላይ ጨዋታ ያደረገ፣ የታመነ ሰው ነው። ሐሳቡ እብደት አልነበረም።

የሆነው ግን ይህ ነው። ካፒታልስ በዚያው የጸደይ ወራት በፕሌይኦፉ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ) የመጀመሪያ ዙር፣ በወሳኙ 7ኛ ጨዋታ በኒውዮርክ ሬንጀርስ 5 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። ኤራት በዋሽንግተን በ62 ጨዋታ 2 ግብ አገባ። ዓመት ሳይሞላው ልውውጥ ጠይቆ ወደ ፊኒክስ ሄደ። ማክፊም በ2014 ሥራውን አጣ። ፎርስበርግ በበኩሉ በመጀመሪያ ሙሉ የውድድር ዘመኑ 26 ግብ አስቆጠረ። ዛሬ የናሽቪል የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ነው። በ2022 ለ8 ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ።

እንግዲህ ይህን ሲያዩ «የቆጡን አወርድ ብላ» የሚሉት ያሸነፉ ይመስላል። ግን ቆዩ፣ ሌላ 11ኛ አለ።

በ1995 ዳላስ ጃሮም ኢጊንላን መረጠ፤ እሱም በ11ኛ ተራ። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። ኢጊንላ በዮሩባ ትልቅ ዛፍ ማለት ነው፤ ይህንን ስሰማ ስሙን ወደድኩት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዳላስ ልጁን ከኮሪ ሚለን ጋር ለካልጋሪ ሰጥቶ ጆ ኒውወንዳይክን ተቀበለ። ኢጊንላ በርግጥም ትልቅ ዛፍ ሆነ። 625 ግብ አገባ፣ የካልጋሪ አምበል ሆነ፣ በ2002 ከካናዳ ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ከፎርስበርግ የሚበልጥ ተጫዋች ነው የተሰጠው። ሆኖም ዳላስ ውስጥ እንደ ዋሽንግተኑ የሚያንገበግብ ጸጸት የለም። ኒውወንዳይክ በ1999 ዳላስን ለስታንሊ ካፕ አበቃ። በዚያ ፕሌይኦፍ ካገባቸው 11 ግቦች 6ቱ የማሸነፊያ ግቦች ነበሩ። የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ኢጊንላ ያንን ዋንጫ አንድም ጊዜ ሳይበላ ጫማውን ሰቀለ።

ካልጋሪ ራሱ ቀደም ሲል በሌላኛው ወገን ቆሞ ነበር። በ1988 ወጣቱን ብሬት ሃልን ለሴንት ሉዊስ ሰጥቶ ተከላካይና በረኛ ወሰደ። ሃል በኋላ 741 ግብ ላይ ደረሰ። ካልጋሪ ግን በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን በላ። ከዚያ ቡድን አባላት አንዱ ይኸው ኒውወንዳይክ ነበር።

ስለዚህ የኔ አቋም እንዲህ ነው። ልጁ በኋላ ምን ሆነ ብሎ ልውውጥን መፍረድ ትክክል አይደለም። ያኔ ማንም ያላየውን ነገር ይዞ ማክፊን መውቀስ ነው። የሚጠየቀው በዚያ ቀን የታወቀው ምን ነበር ነው። በዚህ ሚዛን እንኳ የ2013ቱ ልውውጥ ይወድቃል።

ቁጥሩን እዩት። ኒውወንዳይክ ወደ ዳላስ ሲሄድ 29 ዓመቱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመኖቹ 51፣ 51 ግብ አግብቷል። የመሃል ተጫዋች ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ገበያ ላይ እንደልብ አይገኝም። ኤራት የክንፍ ተጫዋች ነው፤ በየትኛውም ዓመት ከ23 ግብ አልፎ አያውቅም። ይህ ሁሉ ኤፕሪል 3 ጠዋት በማንም እጅ የነበረ መረጃ ነው። በዚያ ላይ ኤራት ራሱ ከናሽቪል ልሂድ ብሎ ጠይቋል። የሻጩ እጅ ታስሮ ሳለ ገዢው የሳጥኑን ውድ ዕቃ አወጣ። በ11ኛ ተራ የመጣ ልጅ በኤንኤችኤል አንድ ጨዋታ ሳይሞከር ይሰጣል ከተባለ፣ የሚመጣው ሰው ጨዋታ የሚቀይር መሆን ነበረበት። ለኤራት ዓይነት ተጫዋች የሁለተኛ ዙር ተራና ሌላ አነስ ያለ ልጅ በቂ ነበር ብዬ አምናለሁ። አንዳንድ ደጋፊ በዚህ አይስማማኝም። «አሳልፎ መስጠቱ» ራሱ ስህተት ነው ይላል። እኔ ስህተቱ ዋጋው ላይ ነው እላለሁ።

«ታዲያ በ2018 ዋንጫውን በልተን የለ?» የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው። ጁን 7 ቀን 2018 ካፒታልስ ላስ ቬጋስ ላይ 4 ለ 3 አሸንፎ የመጀመሪያውን ስታንሊ ካፕ ወሰደ። የተሸነፈውን የቬጋስ ቡድን የገነባው ደግሞ ያው ጆርጅ ማክፊ ነው። ያ ሌሊት ከተማው አልተኛም፣ እኔም አልተኛሁም። ግን ዋንጫው የመጣው በዚያ ልውውጥ አይደለም። የዳላስ ዋንጫ በኒውወንዳይክ እጅ የመጣ ነው። የእኛ ከኤራት አንዳች ነገር የለበትም።

በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ አንድ የ18 ዓመት ልጅ አለ። ከአገሩ ውጭ ለክለብ ያልተጫወተ፣ የማያውቃት ከተማ የመረጠችው፣ ከዚያ ሌላ የማያውቃት ከተማ የተሰጠ። እኛ ዋጋ ስንተምን እሱ ስዊድን ውስጥ ልምምድ ላይ ነበር። በዚህ ዕድሜ ራሳቸውን ችለው ሰው አገር የገቡ የእኛ ልጆች ስላሉ ይሆናል፣ ይህ ነገር ልቤን ይነካኛል። በናሽቪል ማሊያ አምስት ጨዋታ ከሞከረ በኋላ በቀጣዩ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ታችኛው ሊግ፣ ሚልዋኪ ነው። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ጩኸቱ እንደ ኋላው አልነበረም። የበረታው ግቦቹ ከመጡ በኋላ ነው።

ናሽቪል ለጨዋታ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ እኔ ዛሬም መጀመሪያ የምፈልገው 9 ቁጥሩን ነው።