በአውስትራሊያ ፉቲ ወኔና አይበገሬነት

የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ በአገሬው አጠራር «ፉቲ»፣ በእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች ሞላላ ሜዳ ላይ ሞላላ ኳስ ይዘው የሚፋለሙበት ጨዋታ ነው። ሜዳው እስከ 185 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ተጫዋቹ የሚለብሰው ግን እጅጌ የሌለው ማሊያና ቁምጣ ብቻ ነው፤ እንደ አሜሪካኖቹ የራስ ቁርና የትከሻ መከታ የለውም። ኳስ የያዘን ሰው ከትከሻ በታች፣ ከጉልበት በላይ ጨብጦ መጣል ይፈቀዳል። ከጨዋታ ውጪ የሚባል ሕግ ስለሌለ ተጋጣሚ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ይመጣል። ስለ ፉቲ ተጫዋቾች ድፍረት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎበዝ የሚባለው ማን ነው?

በፉቲ ሰዎች ዘንድ ተደባዳቢ ሁሉ ጎበዝ አይባልም። መለኪያው ኳሱ ነው። መሬት ላይ የሚንከባለል ኳስ ሲገኝ፣ ከወዲያ በኩል ሌላ ሰው በሙሉ ፍጥነት እየመጣ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን ኳሱ ላይ የሚደፋ ተጫዋች ይከበራል። ከዚህም የሚብሰው በአየር ላይ ያለው ነው። ከ15 ሜትር ያላነሰ የተጓዘን ኳስ መሬት ሳይነካ የያዘ ሰው «ማርክ» ወሰደ ይባላል፤ ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ የመምታት መብትም ያገኛል።

እስቲ ኳሱ ከተጫዋቹ ጀርባ ተመትቶ በአናቱ ላይ እያለፈ ነው እንበል። ተጫዋቹ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ኳሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሮጣል። ከፊቱ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ያንኑ ኳስ ፍለጋ እየተንደረደረ መሆኑን ያውቃል፤ ግን አያየውም። ዓይኑን ለቅጽበት ከኳሱ ቢያነሳ ወይም እርምጃውን ትንሽ ቢያሳጥር ሜዳው ሙሉ ሕዝብ ይታዘበዋል። ክንዱን ወደ ላይ ሲዘረጋ ደግሞ ጎኑ ባዶውን ይቀራል። የሴንት ኪልዳው ኒክ ሪውልት በ2004 ከሲድኒ ጋር በተደረገ ጨዋታ በዚህ ዓይነት የወሰደው ማርክ እስካሁን ይወሳል። የብሪዝበን ላየንሱ ጆናታን ብራውንም እንዲሁ ይጫወት ነበር። ፊቱ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ተጠግኗል፤ በመጨረሻም በ2014 ጭንቅላቱን ተመትቶ ጫማውን ሰቀለ። በካኩማ የስደተኞች ካምፕ የተወለደው አሊር አሊርም በ2021 የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ የገባው የተጋጣሚን ኳስ በአየር ላይ በመጥለፍ ችሎታው ነው።

ቁመት የግድ አይደለም። 163 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው የፉትስክሬይ ክለብ ቶኒ ሊበራቶሬ በ1990 የሊጉን የኮከብ ተጫዋች ሽልማት ወስዷል። የተጫዋቾች ማኅበርም በየዓመቱ ለደፋሩ ተጫዋች፣ በኮሊንግዉዱ ቦብ ሮዝ ስም የተሰየመ ሽልማት ይሰጣል። የኖርዝ ሜልበርኑ ግሌን አርቸርና የጂሎንጉ የቀድሞ አምበል ጆኤል ሴልዉድ ደጋግመው አግኝተውታል። ሴልዉድ ግንባሩ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ደሙ በፋሻው ላይ እየታየ ሲጫወት የሚያሳየው ምስል የዘመኑ የፉቲ አርማ ነው ማለት ይቻላል። ቅጣት ምት ለማግኘት ሆን ብሎ ዝቅ ይላል የሚሉ ተቺዎች ግን አልጠፉም።

ከጃክ ዳየር እስከ 1989

የጨዋታው ሕግ በ1859 ሜልበርን ውስጥ ተጻፈ። እስከ 1930 ድረስ ተቀያሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ የተጎዳ ሰው ከወጣ ቡድኑ ጎድሎ ይቀር ነበር። «ተሰብሬም ቢሆን አልወጣም» የሚለው ልማድ ሥር የሰደደው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከ1931 እስከ 1949 ለሪችመንድ 312 ጊዜ የተሰለፈው ጃክ ዳየር «ካፒቴን ብለድ» ይባል ነበር፤ «ደም» ማለት ነው። በትከሻው ገጭቶ የብዙ ሰው አጥንት እንደሰበረ ይነገራል፤ ቁጥሩ ግን በየተራኪው ያድጋል። በ1945 ካርልተንና ሳውዝ ሜልበርን ያደረጉት የፍጻሜ ጨዋታ በድብድብ ስለተበላሸ እስከ ዛሬ «የደም መታጠቢያ» ተብሎ ይጠራል።

ፉትስክሬይ ወደሚባለው የሜልበርን ሠፈር ሄዶ እንጀራ የበላ ሐበሻ ሁሉ ዊትን ኦቫልን ሳያውቀው አይቀርም። ሜዳው የተሰየመው ከ1951 እስከ 1970 ለዚሁ ሠፈር ክለብ 321 ጊዜ በተሰለፈው በቴድ ዊትን ነው። ሐውልቱም በራፉ ላይ ቆሟል። ዊትን ሲገጭ አጥንት የሚያንቀጠቅጥ፣ ሲገጩት የሚስቅ፣ የ1954ቱን ዋንጫ ያነሳ ቡድን ልብ ነበር። በካንሰር ታሞ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ በሰኔ 1995 ክፍት መኪና ላይ ሆኖ የሜልበርንን ትልቁን ስታዲየም ሲዞር ያላለቀሰ ተመልካች አልነበረም። በሁለት ወሩ ዐረፈ።

የሪችመንዱ ፍራንሲስ ቡርክ በ1980 ፊቱ በደም ተሸፍኖ ወደ ፊት መስመር ተዛውሮ ማርክ ይዞ ጎል አገባ። የሆቶርኑ ሊ ማቲውስ በ1982 ከጎል አጠገብ ያለውን ቋሚ በሰውነቱ ገጭቶ ሰብሮታል። ይኸው ማቲውስ በ1985 የጂሎንጉን ኔቪል ብሩንስን መንጋጋ ሲሰብር ነገሩ ሜዳ ላይ አልቀረም፤ ፖሊስ ከሰሰው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የእኛ አባባል እዚያም በሌላ ቃል ይሠራ ነበርና ብዙዎች ደነገጡ። ጥፋተኛ ተብሎ የገንዘብ ቅጣት ቢጣልበትም በይግባኝ ተሽሯል።

ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ግን በሴፕቴምበር 30 ቀን 1989ቱ የሆቶርንና የጂሎንግ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ነው። ዳኛው ኳሱን አንጥሮ ጨዋታውን እንዳስጀመረ የጂሎንጉ ማርክ ዬትስ ኳሱን ትቶ በቀጥታ ወደ ሆቶርኑ አጥቂ ደርሞት ብረርተን ተንደረደረ። በዚያው ዓመት ቀደም ባለ ግጥሚያ የተጋባውን ቂም መወጣቱ ነበር። ብረርተን ዓይኑ ኳሱ ላይ ስለነበር አላየውም። የጎን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ኩላሊቱ ተጎድቶ ወደቀ፤ አስታወከ። ወጌሾቹ ደግፈው ሊያወጡት ሲሞክሩ እምቢ ብሎ ወደ ጎሉ አካባቢ አዘገመ። ብዙም ሳይቆይ ማርክ ይዞ ጎል አገባ፤ በዕለቱ ሦስት አስቆጥሯል። ቡድን ጓደኛው ሮበርት ዲፒየርዶሜኒኮ ደግሞ በጂሎንጉ ጋሪ አብሌት ተገጭቶ የጎን አጥንቱ ሳንባውን ቢበሳውም እስከ መጨረሻው ሮጧል፤ ከሜዳ የሄደው ወደ ሆስፒታል ነው። ጆን ፕላተን ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ሳተ። አምበሉ ማይክል ታክም የጣቶቹ መሐል ተሰንጥቆ ነበር። ያን ጊዜ የሚፈቀደው ተቀያሪ ሁለት ብቻ ነበር። አብሌት ብቻውን 9 ጎል አስቆጥሮ ጂሎንግን ከኋላ ቢያመጣውም ሆቶርን 144 ለ138 በሆነ ነጥብ (አንድ ጎል 6 ነጥብ ነው) አሸንፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ

በ2003 የብሪዝበኑ ናይጀል ላፒን በተሰበረ የጎን አጥንት ፍጻሜውን ተጫውቶ ዋንጫ በላ። በዚያው ዓመት የታየው የጄሰን ማካርትኒ ድፍረት ግን ከሁሉም ይለያል። የኖርዝ ሜልበርኑ ተጫዋች በኦክቶበር 2002 በባሊ በፈነዳው ቦምብ ከሰውነቱ ግማሽ በላይ ተቃጥሎ ነበር። በጁን 6 ቀን 2003 ቃጠሎውን የሚሸፍን ልብስ ለብሶ፣ ማሊያው ላይ የሞቱትን አውስትራሊያውያንና የሟቾቹን ሁሉ ብዛት የሚያስታውሱ 88 እና 202 የሚሉ ቁጥሮች ይዞ ከሪችመንድ ጋር ተሰለፈ። አንድ ጎል አገባ፤ ቡድኑ በ3 ነጥብ አሸነፈ፤ እዚያው ሜዳ ላይ ማቆሙን ተናገረ።

የሴቶቹ ሊግ በ2017 ተጀምሯል። በ2019 ፍጻሜ የአደሌዷ ኤሪን ፊሊፕስ የጉልበት ጅማቷ ተበጥሶ በሸክም ብትወጣም ከ53,000 በላይ ሕዝብ ፊት የጨዋታው ኮከብ ተብላለች።

ወኔን በጥርጣሬ ማየት የተጀመረው ከአንጎል ምርመራ ወዲህ ነው። ሲቲኢ ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ የሚመጣ፣ በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ከሞት በኋላ አንጎል ሲመረመር ብቻ የሆነ በሽታ ነው። የጂሎንጉ ታላቅ ተጫዋች ግራሃም «ፖሊ» ፋርመር በሽታው እንደነበረበት በ2020 ሲገለጽ ከሊጉ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ዓመት በ38 ዓመቱ ያረፈው የሪችመንዱ ሼን ታክ የተገኘበት ደግሞ የከፋ ደረጃ ነበር። ሼን የዚያ የ1989ኙ አምበል የማይክል ታክ ልጅ ነው። በ2022 በ28 ዓመቷ ባረፈችው በአደሌዷ ሄዘር አንደርሰን ላይም በ2023 በሽታው መገኘቱ ተገለጸ።

ሊጉ ከ2021 ጀምሮ ጭንቅላቱን ተመትቶ ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) የደረሰበት ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን ከግጥሚያ እንዲርቅ ደንግጓል። በ2016 ከ62 ዓመት በኋላ ለቡልዶግስ (ያው የፉትስክሬይ ክለብ ነው) ዋንጫ ካመጡት ጀግኖች አንዱ፣ በፍጻሜው ሦስት ጎል ያገባው ሊያም ፒከን፣ በ2019 በዚሁ ምክንያት አቆመ። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ የኮሊንግዉዱ ብሬደን ሜናርድ የሜልበርኑ አንገስ ብሬሾ የመታውን ኳስ ሊያጨናግፍ ወደ ፊት ዘሎ ሲወርድ ትከሻው ጭንቅላቱን መታው። ዓይኑ ኳሱ ላይ ስለነበር የዲሲፕሊን ችሎቱ ነፃ አወጣው። ሊጉ ለ2024 ደንቡን ለወጠ፤ እንዲህ የሚዘል ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዲሆን ተደረገ። ብሬሾ በ28 ዓመቱ፣ በሐኪም ምክር፣ ከጨዋታ ተሰናበተ።