ጥሩው ቦርድ ስላለፈ ጂጉ ደህና ነው?

የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በሚመረትበት ቤት ሁሉ ስለ ጂግ (ቦርዱ ተጭኖበት የሚፈተሽበት መሣሪያ) አንድ የማይለቅ አነጋገር አለ፦ «ጥሩነቱ የታወቀውን ቦርድ ጂጉ ላይ ጫንኩት፣ አረንጓዴ በራ፤ እንጀምር።» ይህን ማመን በጣም አደገኛ ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚያሳልፍ የተበላሸ ጂግም እኮ ጥሩውን ቦርድ ያሳልፋል!

የሾርት (መገናኘት የሌለባቸው መስመሮች መገናኘት) ፍተሻን እንይ። ፕሮግራሙ በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ይለካል፤ ከ1 ሜጋኦም በላይ ካገኘ «አልፏል» ይላል። ከአንዱ ፖጎ ፒን (ስፕሪንግ ካለው የመንኪያ መርፌ) ሥር ገመዱ ቢበጠስስ? መለኪያው ክፍት መስመር ስለሚያይ ውጤቱ ሁልጊዜ ከ1 ሜጋኦም በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መስመሮቹ በሊድ (ለብየዳ በሚቀልጠው ብረት) የተያያዙበት ቦርድም ያልፋል። ሊኬጅ (ሾልኮ የሚያልፍ ከረንት) የለም፣ ቮልቴጅ የለም የሚሉ ፍተሻዎችም እንዲሁ ይታለላሉ። ስለዚህ ከእነሱ በፊት በዚያው ፒን በኩል ቦርዱ ላይ ያለ ዋጋው የታወቀ ሬዚስተር ይለካ፤ ፒኑ መንካቱ የሚረጋገጠው ያኔ ነው።

ከጥሩው ቦርድ ጎን ሆን ተብለው የተበላሹ ቦርዶች ያስፈልጋሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ብልሽት ብቻ፦ ሬዚስተር የጎደለው፣ በ10 ኪሎኦም ቦታ 1 ኪሎኦም የተበየደበት፣ ዳዮዱ የተገለበጠ፣ ሁለት የአይሲ (ቺፕ) እግሮች በሊድ የተገናኙበት። ቀይ መብራቱ ብቻ አይበቃም። ዳዮዱ የተገለበጠው ቦርድ የወደቀው በዳዮድ ፍተሻው ካልሆነ ጂጉ ብልሽቱን አላገኘውም። ቦርዶቹን ቀይ ቀለም ቀብታችሁ ቆልፉባቸው፤ ከምርት ጋር እንዳይቀላቀሉ። በየፈረቃው መጀመሪያ፣ እንዲሁም ፒን ወይም ፕሮግራም በተቀየረ ቁጥር ይፈተሹ።

«ከወደቀ ደግመህ ተጫነው።» በሁለተኛው ያለፈ ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ፒኑ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ሳይሰረዝ ይመዝገብ። የተለያዩ ቦርዶች በአንድ ፒን ላይ እየወደቁ ከሆነ ችግሩ ከጂጉ ነው።

«ሜትሩ ካሊብሬት ተደርጓል።» ካሊብሬሽኑ (ንባቡን ከታወቀ ዋጋ ጋር ማመሳከሩ) ሜትሩ ጫፍ ላይ ያበቃል፤ ገመዱን፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ-ማጥፊያ) እና ፒኑን አይነካም።

«ፖጎ ፒን እስኪሰበር ይሠራል።» አምራቹ የሚጽፈው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዕድሜ የስፕሪንጉ ነው፤ ጫፉን ግን የፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባ ነገር) ቅሪት ከዚያ በጣም ቀድሞ ይሸፍነዋል። የኮንታክት ሬዚስታንሱ 0.5 ኦም ከደረሰና 1 አምፒር ካለፈበት 0.5 ቮልት ይጠፋል፤ 3.3 ቮልት የሚጠብቀው ቦርድ 2.8 ያገኛል። በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። ብርጭቆ ወረቀት የወርቅ ልባሱን ስለሚልጠው ፈጽሞ አይነካው። ትንሽ ሬዚስታንስ ስትለኩ ደግሞ አራት ገመድ ተጠቀሙ፦ ሁለቱ ከረንት ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ያነባሉ።

«ሦስቴ ለካሁት፣ አንድ ዓይነት ነው።» ቦርዱ ካልተነሳ የተፈተነው ሜትሩ ብቻ ነው። በየልኬቱ ቦርዱን አውጥታችሁ መልሱ፦ 10 ቦርድ፣ 3 ሠራተኛ፣ እያንዳንዱ 3 ጊዜ፣ በድምሩ 90 ልኬት። ከመለካቱ የመጣው መለያየት ከተፈቀደው ልዩነት 10 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ30 በመቶ ካለፈ ጂጉ ሳይስተካከል ምርት አይፈተሽበትም።