ትልቁ ሥራ ሙቀትን ማስወጣት ነው፦ ስለ ፖሊኢቲሊን አመራረትና ቅርጽ አወጣጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፖሊኢቲሊን በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ በብዛት የሚመረት ፕላስቲክ ነው። የኢቲሊን ጋዝ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት፣ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተዋቀረ ረጅም ሰንሰለት በመሆኑ፣ አመራረቱም ሆነ ቅርጽ አወጣጡ የቀመሩን ያህል ቀላል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ምርት ማሻሻል ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ግፊት መጨመር፣ ማሞቅ ወይም ማሽን ማፍጠን ነው። ከዚህ በታች ከቀረቡት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ በሪአክተርም (ኢቲሊኑ ወደ ፕላስቲክ በሚለወጥበት ዕቃ) ሆነ በሞልድ (ቅልጡ ቅርጽ በሚይዝበት ማውጫ) ውስጥ የምርቱን መጠን በአብዛኛው የሚወስነው ግን ሙቀቱን በምን ያህል ፍጥነት ማስወጣት እንደሚቻል ነው።

«ጠንካራው ፖሊኢቲሊን የሚገኘው በከፍተኛ ግፊት ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከ1000 እስከ 3000 ከባቢ አየር በሚደርስ ግፊት የሚመረተው ለስላሳውና ተለጣጩ፣ ማለትም እፍጋቱ ዝቅተኛ የሆነው ፖሊኢቲሊን ነው። ይህ ዘዴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ ኖርዝዊች በነበረው የአይሲአይ ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ለሌላ ዓላማ ባደረጉት ሙከራ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር ባገኙ ጊዜ ነበር። ውጤቱን መድገም ግን አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ፤ በኋላ እንደተረዱት ኬሚካዊ ግብረ መልሱን ያስጀመረው ሳይታሰብ የገባ ጥቂት ኦክስጅን ነበር። በዚህ ዓይነት ግፊትና ሙቀት ውስጥ ሰንሰለቶቹ ቅርንጫፍ እያወጡ ስለሚያድጉ ተጠጋግተው መደርደር አይችሉም፤ እፍጋታቸውም በሴንቲሜትር ኩብ ከ0.91 እስከ 0.93 ግራም አካባቢ ይቀራል።

ጠንካራው ዓይነት የመጣው ግፊቱ ሲቀንስ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ፖል ሆጋንና ሮበርት ባንክስ በክሮምየም ካታሊስት (ግብረ መልስን በሚያፋጥን ንጥረ ነገር)፣ በ1953 ደግሞ በጀርመን ካርል ዚግለር በቲታኒየምና በአሉሚኒየም ውህዶች አማካይነት ቅርንጫፍ የሌላቸው ለማለት የሚቻሉ ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶችን በአነስተኛ ግፊት ማምረት ቻሉ። ዛሬ ይህ ዓይነት ፖሊኢቲሊን በጋዝ ሪአክተሮች ውስጥ የሚመረተው በ20 ከባቢ አየር አካባቢ ባለ ግፊት ነው። ይህ ማለት ግን የከፍተኛ ግፊቱ ዘዴ ጊዜው አልፎበታል ማለት አይደለም፤ ረጃጅም ቅርንጫፎች ያሉት ፕላስቲክ ሲቀልጥ ቶሎ ስለማይበጠስ ለፊልም (ለስስ የፕላስቲክ ሉህ) እና ወረቀት ለመለበጥ አሁንም ይፈለጋል።

«ካታሊስቱ በተሻሻለ ቁጥር ሪአክተሩ በዚያው ልክ የበለጠ ያመርታል»

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስላለው ከሁሉም ይበልጥ ያሳስታል። የዛሬዎቹ ካታሊስቶች እጅግ ንቁ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ምርቱን የሚያግደው የእነርሱ ስንፍና አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም ኢቲሊን ወደ ፖሊኢቲሊን ሲለወጥ 3.4 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል፤ ይህ 10 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ መፍያ ነጥቡ ለማድረስ የሚበቃ ነው። በሰዓት በርካታ ቶን የሚያመርት ሪአክተር ይህን ሁሉ ሙቀት ያለማቋረጥ ማስወጣት አለበት። በጋዝ ሪአክተር ውስጥ ከታች የሚነፋው ጋዝ በማደግ ላይ ያለውን ዱቄት አንሳፍፎ ይይዛል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ከላይ ይወጣል፣ ከውጭ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎም ተመልሶ ይገባል። ሪአክተሩ የሚሠራው ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ይህም ከፕላስቲኩ መለስለሻ ብዙም አይርቅም። ካታሊስት ተጨምሮ ማቀዝቀዙ ካልተከተለ ዱቄቱ ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በግድግዳው ላይም ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሪአክተሩን አቁሞ የተጋገረውን ማውጣት ብቻ ነው።

በዚህ መስክ ከታዩት ማሻሻያዎች ሁሉ ለእኔ ብልሃቱ የሚደንቀኝ የተመላሹን ጋዝ ከፊል ወደ ፈሳሽ የመለወጡ ዘዴ ነው። እንደ አይሶፔንቴን ያለ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ከጋዙ ጋር ወደ ሪአክተሩ ይገባና እዚያው በሞቀው ዱቄት መካከል ይተናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደውም ከግብረ መልሱ ነው። በዚህ መንገድ ሪአክተሩን ሳያሰፉ ምርቱን በእጅጉ ማሳደግ ተችሏል። ካታሊስትን ማሻሻል ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ለምሳሌ የሜታሎሲን ካታሊስቶች ርዝመታቸውና ቅርንጫፋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሰንሰለቶችን ስለሚሠሩ ስስ ሆኖም የማይቀደድ ፊልም ለማምረት አስችለዋል።

«በአንድ ዙር ያልተለወጠው ጋዝ ብክነት ነው»

በጋዝ ሪአክተር ውስጥ በአንድ ማለፊያ የሚለወጠው ኢቲሊን ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ በከፍተኛ ግፊቱ ዘዴም ቢሆን ከ15 እስከ 35 በመቶ አካባቢ ነው። የቀረው ተመልሶ ስለሚገባ በመጨረሻ የሚባክነው እጅግ ጥቂት ነው። ለውጡ ሆን ተብሎ የሚገደበውም በዚያው በሙቀቱ ምክንያት ነው።

«የቅልጡ ፍሰት መለኪያ እኩል ከሆነ ጥሬ ዕቃው አንድ ነው»

በጥሬ ዕቃ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ሜልት ፍሎው ኢንዴክስ በ190 ዲግሪ የቀለጠው ፖሊኢቲሊን በ2.16 ኪሎ ግራም ክብደት እየተገፋ በጠባብ ቀዳዳ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ግራም እንደሚወጣ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ልኬቱ የሚወሰደው እጅግ በዝግታ ነው፤ ቅልጡን በግፊት ወደ ሞልድ በሚያስገባው የኢንጄክሽን ማሽን ውስጥ ግን ያው ቅልጥ ከዚያ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ይፈስሳል። አጫጭርና ረጃጅም ሰንሰለቶች የተቀላቀሉበት ፕላስቲክ ፍጥነቱ ሲጨምር በቀላሉ ይፈስሳል፤ ሰንሰለቶቹ ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸው ግን በዚያው ኢንዴክስ ማሽኑን ያስጨንቃል፣ ወለሉም ሊሻክር ይችላል። ስለዚህ አቅራቢ ሲቀየር በ21.6 ኪሎ ግራም የተለካውን ቁጥር ጠይቆ የሁለቱን ጥምርታ ማነጻጸር ይገባል።

«እንደ ሌሎች ፕላስቲኮች መጀመሪያ መድረቅ አለበት»

ናይለንና ፔት (የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) እርጥበት ስለሚስቡ ካልደረቁ ይበላሻሉ። ፖሊኢቲሊን ውሃ አይመጥም ማለት ይቻላል። ማድረቅ የሚያስፈልገው ከቀዝቃዛ መጋዘን የወጣ ጥሬ ዕቃ ላይ ጤዛ ሲያርፍ፣ ወይም እርጥበት የሚይዝ ጥቁር ካርቦን የመሰለ ጭማሪ ሲኖረው ነው።

«ዙሩ የሚያጥረው ቅልጡን በማሞቅና ማሽኑን በማፍጠን ነው»

በኢንጄክሽን ሞልዲንግ ከአንዱ ዕቃ እስከ ሌላው ካለው ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚወስደው ማቀዝቀዝ ነው። ሞልዱን በፍጥነት መክፈትና መዝጋት የሚያተርፈው ክፍልፋይ ሰከንድ ሲሆን፣ ቅልጡን ያለ ምክንያት ማሞቅ ደግሞ ተመልሶ መውጣት ያለበትን ሙቀት ይጨምራል። ፖሊኢቲሊን በዚህ ረገድ ከሌሎች ይከብዳል፤ ሲጠጥር ክሪስታል ስለሚሠራ፣ ከመቀዝቀዙ በተጨማሪ በመጠጠሩ ብቻ የሚለቀው ብዙ ሙቀት አለው።

የማቀዝቀዣው ጊዜ ከግድግዳው ውፍረት ስኩዌር ጋር ያድጋል። ውፍረቱ ከ2 ወደ 3 ሚሊሜትር ሲያድግ ጊዜው 2.25 እጥፍ ይሆናል፤ ከ3 ወደ 2.7 ሚሊሜትር ከተቀነሰ ግን 19 በመቶ ያህል ይቆጠባል። የዕቃውን ንድፍ ማረም አዲስ ማሽን ከመግዛት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀጥሎ መታየት ያለበት የሞልዱ የውሃ መስመር ነው፤ ውሃው በቱቦው ውስጥ እየተናወጠ ካልሄደ ወይም የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ የኖራ ቅርፊት ከያዘ፣ ማቀዝቀዣው የቱንም ያህል ቢበርድ ሙቀቱ አይወጣም። በሚገባውና በሚወጣው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ከጥቂት ዲግሪ ከበለጠ ፍሰቱ ማነሱን ይጠቁማል። ከልክ በላይ የቀዘቀዘ ውሃም መፍትሔ አይደለም፤ የሞልዱ ወለል ጤዛ ያወጣል፣ አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ ከጠጠረም ዕቃው ይጣመማል።

«ግፊቱን ረዘም አድርጎ መያዝ መኮማተርን ያስቀራል»

ፖሊኢቲሊን ሲቀዘቅዝ ከ1.5 እስከ 3 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኮማተራል። የመያዣው ግፊት ይህን የሚያካክሰው ቅልጡ የሚገባበት ጌት እስኪጠጥር ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግፊት ጊዜና ጉልበት ከማባከን አያልፍም። ጌቱ የሚዘጋበትን ጊዜ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የመያዣውን ጊዜ በአንድ በአንድ ሰከንድ እየጨመሩ የሚወጣውን ዕቃ ያለ ግንዱ (ቅልጡ በመጣበት መስመር ላይ ከጠጠረው ትርፍ ለይቶ) በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ክብደቱ መጨመሩን ሲያቆም ጌቱ ተዘግቷል ማለት ነው። የመጨረሻው ልኬት ግን ዕቃው ከሞልድ እንደወጣ መወሰድ የለበትም፤ ክሪስታል መሥራቱ ስለሚቀጥል ቢያንስ አንድ ቀን መጠበቅ ያሻል።

«የተፈጨ ቁርጥራጭ መቀላቀል ጥራትን ያበላሻል»

ጠርሙስ በሚነፉ ፋብሪካዎች ከላይና ከታች የሚቆረጠው ትርፍ ብዙ ስለሆነ ተፈጭቶ ወዲያው ወደ ማሽኑ መመለሱ የተለመደ አሠራር ነው። የሚጎዳው ድብልቁ ከሰዓት ሰዓት መለዋወጡ፣ አቧራና ፖሊፕሮፒሊን መግባቱ ነው። ሙቀት ሲደጋገምበት ፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለቱ ስለሚበጣጠስ ይቀጥናል፤ ፖሊኢቲሊን ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ መተሳሰር ስለሚቀናቸው አብዛኛውን ጊዜ ይወፍራል፣ የፍሰት መለኪያውም ይወርዳል፣ በፊልም ላይ ዓይን የሚመስሉ ጠጣር ነጠብጣቦች ይታያሉ። የተፈጨውን ኢንዴክስ በየጊዜው ከአዲሱ ጋር ማነጻጸርና ልዩነቱ ሲሰፋ ኦክስዴሽን የሚከላከል ጭማሪ መጨመር ወይም የቅልጡን ሙቀት ዝቅ ማድረግ ቁርጥራጩን ከመጣል ይልቅ ያዋጣል።